መሪው ስለተንቀጠቀጠ የወረደው ሣር

ልጅ እያለሁ ያልሰረቅሁትን ሣር ሰረቅሽ ተብዬ ከመኪና ወርጃለሁ። ይህ ተጽፎ እንዲቀር እፈልጋለሁ።

ያኔ የመንዝ ሰው የጣሪያ ሣር የሚያጭድበት የጋራ መሬት፣ ጓሳ፣ ተዘግቶ ነበር። ሣሩ እስኪያድግ ድረስ ማንም እንዳያጭድ ቄሶቹ በግዝት ከልክለዋል፤ ግዝቱን ከጣሰ ሰው ጋር አብሮ የሚበላ አልነበረም። እኔ የያዝኳቸው ሁለት እስር ሣሮች ግን ጓሳው ክፍት ሳለ አባቴ ከድርሻው አጭዶ ያስቀመጣቸው ነበሩ። ቀየት የሚባል አገር የተዳረችው እህቴ አራስ ሆና ጣሪያዋ አልጋዋ ላይ ያፈስ ስለነበር፣ አባቴ “ክረምቱ ሳይገባ አድርሺላት” ብሎ አሳፈረኝ።

መኪናዋ አሮጌ ነበረች፤ ናፍጣና የረጠበ በርኖስ ትሸታለች። ከሾፌሩ ከጋሽ ደምሴ ጀርባ ተቀመጥኩ። በልጉ ጠንክሮ ስለነበር ብዙ ጭቃ አለፍን። ደረቁ ሜዳ ላይ ስንደርስ ጋሽ ደምሴ ነዳጅ ረግጠው ሲያፈጥኗት መሪው እጃቸው ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

ከጎናቸው የተቀመጡ ሽማግሌ ዞረው ሣሬን አዩ። “ይኼ የማን ነው?”

“የአባቴ ነው።”

“አባትሽ ጓሳን ወረሱት እንዴ?” አለች አንዲት ሴት። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሽማግሌው ግን አልሳቁም። “ውግዝ ነገር ተጭኖ መሪው ባይንቀጠቀጥ ነበር የሚገርመኝ” አሉ። ሳቁ ቆመ።

“ደረቅ ነው፤ ንኩት” አልኩ። በቅርብ የታጨደ ሣር እርጥብ እንደሚሆን የማያውቅ የመንዝ ሰው የለም። ሆኖም አንድም እጅ አልተዘረጋም። ጋሽ ደምሴ መኪናዋን አቁመው ሣሬን አወረዱ፤ እኔም ተከትዬው ወረድኩ። ፊቴን አላዩኝም። ከዚያ በኋላ ፈርተው ቀስ ብለው ነዱ አሉ፤ መንቀጥቀጡም ጠፋ። ለተሳፋሪው ከዚህ የበለጠ ምስክር አላስፈለገውም።

አንዱን እስር መንገድ ዳር ትቼ ድንጋይ ጭኜበት፣ ሌላውን ተሸክሜ በእግሬ ቀየት ገባሁ። ወሬው ቀድሞኝ ነበር። የእህቴ ባል ሣሩን ጣሪያዬ ላይ አላወጣም አለ። እህቴ ያን ክረምት ልጇን ታቅፋ አልጋዋን ከጥግ ወደ ጥግ ስትጎትት ከረመች። እኔም እስክዳር ድረስ “መሪ አንቀጥቃጯ” ተባልኩ።

ዘንድሮ የልጅ ልጄ ሰላም በገዛቻት አሮጌ መኪና ይዛኝ ስትሄድ መሪው ይንቀጠቀጥ ጀመር። እኔ ምንም አልያዝኩም፤ ግን ውግዝ ነገር የያዝኩ ይመስል እጄን አየሁ። ደብረ ብርሃን ስንደርስ መካኒኩ “ፍሬን ስትይዢ ነው ወይስ ስትፈጥኚ?” ብሎ ጠየቃት።

“ስፈጥን ነው። ቀስ ካልኩ ይተወኛል።”

ጎማውን አወለቀና ከቸርኬው ውስጥ እንደ ቂጣ የደረቀ ጭቃ በብረት ፈቅፍቆ አወጣ። “አንድ ጎኑ ከብዶ ሚዛኑን ስቶ ነው፣ እማማ” አለኝ። እስቲ ድገምልኝ አልኩት። ደገመልኝ።

የዛሬ ልጆች ነገር ሲበላሽባቸው ከምን እንደሆነ ይጠይቃሉ። እኛ ዘንድ ከማን እንደሆነ ነበር የሚጠየቀው። ግዝቱን አልነቅፍም፤ ጓሳው እስከ ዛሬ የቆየው እሱን በመፍራት ነው። ሣሬን ነክቶ ማየት ያቃተውን እጅ ግን እነቅፋለሁ።

ጋሽ ደምሴ በሕይወት አሉ። ቀየት ሄጄ ደጃቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው፤ የመካኒኩንም ነገር አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። ከዚያ “ያውቁ ነበር?” አልኳቸው።



“በማግስቱ ጎማውን ሳወልቅ ጭቃውን አየሁት” አሉ። “ብናገር ጎማውን ሳያይ የሚነዳ ሾፌር ልባል ነው። አንቺ ደግሞ ትንሽ ነበርሽ፤ ትረሺዋለሽ ብዬ ነው።”