ጆሮዬን ድፈኑልኝ

ሰኞ ገበያ መሐል ሦስት ጎረምሶች አንድ ሰው ጥለው በዱላ ይቀጠቅጣሉ። ሰው ከቦ ያያል። ድንገት ነጭ ጋውን የለበሰች ልጅ ሰንጥቃ ገባችና ጭንቅላቱ ላይ ተደፋች። የተሰነዘረው ዱላ ትከሻዋን አገኛት። እሷ ግን ቀና አላለችም፤ በሁለት መዳፏ የሰውየውን ጆሮ ደፍና፣ «ጋሽ ሀምዲን፣ እኔ ነኝ፤ ወንጌላዊት» አለችው። የጨበጠው ቡጢ ቀስ እያለ ተፈታ።

ሀምዲን ኮምቦልቻ ውስጥ ጫኝና አውራጅ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት በመጫን ተራ ተጣልተው፣ ሞላልኝ የሚባል የሥራ ጓደኛው በፌሮ ብረት አናቱን አለው። አርባ ቀን የገዛ ስሙን አያውቅም ነበር። ሲነሣ ጉልበቱ ተመለሰ፤ ትዕግሥቱ እዚያው ቀረ። ጩኸት ሲሰማ ያ ብረት እንደገና የሚያርፍበት ይመስለዋል፤ ያኔ እጁ እሱን ሳያማክር ይሰነዘራል። አንድ ቀን የሚስቱን የቱርኪያን ጥርስ አወለቀ።

በሚኖርበት በሆጤ ሰፈር ጎረቤቶቹ «ጂኒ ነው» ብለው አስረው በአለንጋ ገረፉት። «አይዞሽ፣ የሚያመው ጂኒውን ነው» እያሏት እግሩን ይዛ የነበረችው ቱርኪያ ራሷ ናት። ያመመው ግን ሀምዲንን ነበር። ጀርባው እስኪላጥ።

እግዚአብሔር ይስጣቸውና፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሕሙማንን ለማየት ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ተማሪዎች እነ ወንጌላዊት ደረሱለት። ገመዱን አስፈቱ። አንድ ሰው ብቻ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ እንዲያናግረው፣ ቡጢ ሲጨብጥ ጆሮውን ደፍነው ከጩኸት እንዲያርቁት ለቱርኪያ አሳዩአት።

«ጋሽ ሀምዲን፣ ባለፈው ብርጭቆ ሰበሩ፤ ዛሬ የቆርቆሮ ኩባያ ይዤ መጥቻለሁ» ይለዋል ሰፍዋን የተባለው ተማሪ።

«ወላሂ፣ እሱንም አጣምምልሃለሁ!»

በዚያ ሰኞ ግን የአንድ ልብስ ሻጭ ድምፅ ማጉያ ጆሮው ሥር ጮኸ። ሀምዲን የሻጩን አፍንጫ በቡጢ አፈረሰው። የሻጩ ጓደኞች ዱላ አነሡ። ሐኪም ደግሞ «ጭንቅላቱን ዳግመኛ ከተመታ አይተርፍም» ብሎ ነበር፤ ከልምምድ ስትመለስ የደረሰችው ወንጌላዊት ይህን ታውቃለች።

ይህን የሚጽፈው ሰው ከከበቡት አንዱ ነበር። በማግሥቱ ሊጠይቀው ሄደ። ሀምዲን የተሰነጠቀ ከንፈሩን እየጠረገ አጠገቡ አስቀመጠው።

«እነ ወንጌላዊት በሰኔ ይመረቃሉ፤ አልሐምዱሊላህ። ከዚያ ወዲያ ጭንቅላቴ ላይ ማን ይደፋልኛል?» ወደ ጠያቂው ዞረ። «አንቱ መጻፍ ያውቃሉ አሉኝ። በካርቶን ላይ በትልቁ ይጻፉልኝ፤ አንገቴ ላይ አንጠለጥለዋለሁ። ‹ጭንቅላቴን አትምቱ፤ ጆሮዬን ድፈኑልኝ› ይበሉ። ከሥሩም፣ ለመታሁት ሰው፣ ‹አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ› የምትል ያክሉበት።»