ሁለተኛውን «አፈር ስሆን» ስጠብቅ

ወደ ጀርመን ለመሄድ ከመንዝ መሐል ሜዳ የወጣሁ ዕለት አውቶቡሱን ሩብ ሰዓት ያስቆምኩት እኔ ነኝ። ገና ጎህ አልቀደደም፤ ሰው ሁሉ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ተቀምጧል። እናቴ ደግሞ በመስኮቱ ሥር ቆማ አንድ ከረጢት በሶ ታቀብለኛለች። ሻንጣዬ ሞልቷል። ባይሞላስ ኖሮ ዝም ብዬ እቀበላት ነበር እንዴ? የቤቱ ገብስ እስከ መኸር እንደማያደርሳት አውቃለሁ። «ኧረ ተዪው እማዬ፣ ለራስሽ ይሁንሽ» አልኳት። «አፈር ስሆን» አለች። እዚያ ምግብ ሞልቷል ብዬ ከረጢቱን ወደ እሷ ገፋሁት። «አፈር ስሆን ልጄ፣ መንገድ ላይ ትበጠብጪዋለሽ» ብላ ወደ እኔ መለሰችው። ሹፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ እናትን መግፋት ነውር ነው ብለው ፈረዱብኝ። በመጨረሻ ረዳቱ ከሁለታችን እጅ ነጥቆ እግሬ ሥር ጣለውና በሩን ዘጋው። እሷም ደስ አላት፣ እኔም ሁለት ጊዜ እምቢ ብዬ በሦስተኛው ስለተቀበልኩ ሥርዓቴን ጠበቅኩ። ለቅሶው የመጣው ከተማውን ከለቀቅን በኋላ ነው።

የበሶውን ነገር አትርሱብኝ፣ በኋላ እንመለስበታለን።

አገር ቤት ሳለሁ በቀን የመንግሥት ኮሙኒኬሽን ሠራተኛ ነበርኩ፤ በትርፍ ጊዜዬ ደግሞ እናቴና ጎረቤቶቿ የሚፈትሉትን፣ ሸማኔዎቹ ባና የሚባል ብርድ ልብስና በርኖስ የሚያደርጉትን ሱፍ በስልኬ ፎቶ እያነሳሁ የምሸጥበት ገጽ ከፍቼ ነበር። ከእያንዳንዱ ባና ሥር ማን እንደፈተለው፣ በጉ ጓሳ ተራራ ላይ የትኛውን ሜዳ እንደጋጠ እጽፋለሁ። በዚያ ገጽ ምክንያት ነው ሀምቡርግ በሚባል የጀርመን ከተማ ዲጂታል ማርኬቲንግ እንድማር ዕድል ያገኘሁት። አጎቴ ምን ልትማሪ ነው ቢለኝ፣ ገበያ ሳይወጡ መሸጥ ነው አልኩት። ትንሽ አሰበና «ታዲያ ወሬው የት ይሰማል?» አለኝ። ያኔ ስቄበት ነበር። አሁን ሳስበው የዚህን አገር ችግር ሳያየው ነው የነገረኝ።

ሀምቡርግ ስደርስ ጉም ነበር። ደስ አለኝ፤ ጓሳ የወጣሁ መሰለኝ። ግን የጓሳ ጉም ረፋዱ ላይ ይገለጣል፣ የሀምቡርጉ ጥቅምት ገብቶ እስከ መጋቢት ይቀመጣል። ስሜ ዘነበወርቅ ነው። አከራዬ ፍራው፣ ማለትም ወይዘሮ፣ ክሩገር ትርጉሙን ጠይቃኝ «ወርቅ ዘነበ ማለት ነው» ስላት መስኮቱን አየት አድርጋ «እዚህ ውሃው ብቻ ነው የሚደርሰን» አለችኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከእሷ አፍ የሰማሁት ቀልድ እሱ ብቻ ነው።

ፍራው ክሩገር ባሏ የሞተባት፣ ብቻዋን የምትኖር አሮጊት ናት። አንዲት ክፍል አከራይታኛለች። ከእሷ ጋር የተጣላነው በሉፍተን ነው። ሉፍተን ማለት በክረምት መስኮት ከፍቶ ብርድ ማስገባት ነው፤ አየር መለወጥ ይሉታል። እኛ መንዝ ላይ ነፋስ የሚገባበትን ቀዳዳ ሁሉ በጭቃ ስንደፍን ያደግን ሰዎች ነን፤ እሷ በቀን ሦስት ጊዜ እየመጣች መስኮቴን ትበረግዳለች። አንድ ቀን ብርድ እንዳይገባ ዘግቼዋለሁ ብላት ብርድ አይደለም አየር ነው አለችኝ። ሁለቱ አብረው ነው የሚመጡት አልኳት። እንግዲያው ሁለቱንም አስገቢ ብላኝ ሄደች። እኔም የእናቴን ባና ተከናንቤ፣ በሶዬን በስኳር በጥብጬ፣ አየሩ ሲለወጥ ቁጭ ብዬ አያለሁ። በሶው ታኅሣሥ ላይ አለቀ።

ትምህርቱ በሰላም ተጠናቀቀ። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ትምህርት የጨረሰ የውጭ አገር ሰው በተማረበት ሙያ ሥራ እስኪያገኝ የተቆረጠ ጊዜ ይሰጠዋል፤ ካላገኘ ሻንጣውን ይዞ ይመለሳል። እኔ ማመልከቻ እየላክሁ መልስ ሳላገኝ ሦስት ወር ብቻ ቀረኝ። ባዶ እጄን ብመለስ የሚጠብቀኝ የለቀቅኩት ወንበር አይደለም፣ እሱ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል። ያ ሁሉ ፈታይና ሸማኔም «ዘነቡ ሄዳ ገበያ ታመጣልናለች» እያለ ነው የሚጠብቀኝ። የውጭ ዜጎች ቢሮ ስቀርብ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ሠራተኛ ተቀበለኝ።

«በሙያሽ ሥራ አገኘሽ?»

«ምግብ ቤት ሳህን አጥባለሁ።»

«እሱ ሙያሽ አይደለም። እዚህ የተጻፈው ሙያሽ ከሰው ጋር መገናኘት ነው።»

«እሺ፣ ከማን ጋር ልገናኝ?»

ወረቀቱን ገልብጦ አየውና «እሱ የኛ ቢሮ ሥራ አይደለም» አለኝ።

ሄኖክ የሚባል የደብረ ብርሃን ልጅ አለ፣ ቪዲዮ ያቀናብራል፤ እዚህ ከመጣ ሰባት ዓመቱ ነው። ይህን ስነግረው ሳቀብኝ። እዚህ አገር ሥራ በማመልከቻ አይገኝም፣ ቪታሚን ቤ ያስፈልጋል አለኝ። ቪታሚን ቤ ብለው የሚቀልዱት ትውውቅን ነው፣ ቃሉ በቋንቋቸው በቤ ስለሚጀምር፤ እኛ «ሰው አለው» የምንለውን እነሱ የመድኃኒት ስም ሰጡት። ዘመድ ከዘመዱ አህያ ከአመዱ ነው፣ እዚህ ግን አመዱን ራስሽ ነው የምትፈልጊው አለኝ ሄኖክ። የማስታወቂያ ድርጅቶች በየወሩ ኔትዎርኪንግ የሚሉት የመተዋወቂያ ስብሰባ እንዳላቸው ነግሮኝ ስሜን አስመዘገበ።

ስብሰባው አንድ ቦይ ዳር ባለ አሮጌ መጋዘን ውስጥ ነበር። ስትገቡ ስማችሁን በወረቀት ላይ ጽፈው ደረታችሁ ላይ ይለጥፋሉ። ሰው ሁሉ ብርጭቆ ይዞ ቆሟል፤ የሚቀመጥ የለም። እኛ ጋ ሰው ሲተዋወቅ የማን ልጅ ነህ፣ ከየት ነህ፣ እገሌን ታውቀዋለህ ይባባልና በሦስተኛው ጥያቄ ዘመድ ይሆናል። እዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ምን ትሠሪያለሽ ነው፤ ሁለተኛ ጥያቄ የለም። ስልክ ለስልክ ያገናኙና «በጣም ደስ ብሎኛል» ብለው ወደ ቀጣዩ ይሄዳሉ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሃያ ስድስት ሰው ተዋወቅሁ። አንዳቸውም እናቴ በሕይወት እንዳለች አልጠየቁኝም። ጠረጴዛው ላይ ዳቦና አይብ፣ ወይንና ለውዝ ሞልቶ ነበር። ማንም «ብዪ እንጂ» ስላላለኝ ሳልነካው ቆምኩ፤ ራበኝም።

በመጨረሻ አንዲት አጭር ፀጉር ያላት ሴት ወደ እኔ መጣች። ካትሪን ትባላለች፣ የአንድ የማስታወቂያ ድርጅት ኃላፊ ናት። የሱፍ ገጼን አይታዋለች። ከፎቶዎቹ ሥር የጻፍኩትን በትርጉም አንብባ፣ ያቺን «ይህን የፈተለችው እናቴ ናት፣ ስትፈትል ግን ስለ እኔ አታስብም፣ ስለ ዝናቡ ነው» የምትለዋን በቃሏ ይዛታለች። የሱፍ ልብስ የሚሸጥ ደንበኛ እንዳላቸውና የሚጽፍላቸው ሰው እንደሚፈልጉ ነገረችኝና እንዲህ አለች፦

«ሰኞ መጥተሽ ከቢሮው ልጆች ጋር ሥሪ። ከተስማማችሁ ቦታው ያንቺ ነው። ትመጫለሽ?»

አሁን እንግዲህ ስቃችሁም አልቅሳችሁም አንብቡት። እኔ፣ ሁለት ዓመት ይህችን ቀን የጠበቅኩት ሰው፣ ምን ብዬ መለስኩ? «ኧረ ምን በወጣሽ፣ አትቸገሪ። እኔ ያን ያህልም አልችልም፣ ከእኔ የሚሻሉ ብዙ አሉ» አልኳት።

ካትሪን አንገቷን ዘንበል አደረገች። «ሻደ» አለች። ሻደ ማለት «ያሳዝናል» ነው። ከዚያ ፈገግ ብላ፣ እጄን ጨብጣ፣ ወደ ሌላ ሰው ሄደች።

እኔ ደግሞ ጠበቅኳት። ይህን የምታምኑኝ እናንተ ብቻ ናችሁ። እንደ ሰው ወግ አንዴ እምቢ ብያለሁ፤ አሁን እሷ ተመልሳ ትለምነኛለች፣ ሁለተኛ እምቢ እላለሁ፣ በሦስተኛው እሺ እላለሁ። ይሉኝታ ያለው ሰው ሲሰጡት ወዲያው አይቀበልም። እናቴ ቤት ሳይለመን የሚበላ አንድ ዓይነት ሰው ብቻ ነበር፤ ከሩቅ መንገድ የመጣ፣ ዓይኑ የጎደጎደ ሰው። እሱ ሲገባ «አፈር ስሆን» የለም፣ ዝም ብላ ታቀርብለታለች። የራበውን ማግደርደር ኃጢአት ነው ትላለች። እኔ እንደዚያ መታየት አልፈለግኩማ። ካትሪን እንዳታጣኝ ብዬ በሩ አጠገብ ሄጄ ቆምኩ። ካፖርቷን ለበሰች። አጠገቤ ስትደርስ እጇን አወዛወዘችልኝና ወጣች።

ለሄኖክ ስነግረው ራሱን ያዘ።

«እምቢ አልሻት?»

«አንዴ ብቻ ነው እኮ።»

«ዘነቡ፣ እዚህ አገር አንዴ ማለት መጨረሻው ነው።»

እሱ እየገፋፋኝ ጻፍኩላት። መቼም የአገሬ ሰው ነኝ፤ ጤናዋን፣ ልጆቿን፣ ሥራዋን ጠይቄ ወደ ጉዳዬ የደረስኩት በሁለተኛው ገጽ ላይ ነው። በአንድ መስመር መለሰችልኝ፦ ቦታው ሰው አግኝቷል፣ መልካም ዕድል። ያን ቀን ሳህን እያጠብኩ አለቀስኩ፣ ደግነቱ እንፋሎቱ ይሸፍናል።

ከዚያ በኋላ እሺ ማለትን መማር ጀመርኩ። ጀርመኖቹ «ያ፣ ገርነ» ይላሉ፤ አዎ፣ በደስታ ማለት ነው። መስታወት ፊት ቆሜ አልኩት፣ ትራም ውስጥ አልኩት። አፌ ይለዋል፣ ፊቴ ግን ያፍራል። ከሁሉ የጠቀመችኝ ፍራው ክሩገር ናት። የተሰነጠቀ መብራት ትፈልጊያለሽ ስትለኝ፣ ያ፣ ገርነ። የፕለም ማርማላታ፣ ያ፣ ገርነ። የሟች ባሏን የዝናብ ቦት ጫማ እንኳ፣ ያ፣ ገርነ። ክፍሌ የአሮጌ ዕቃ መጋዘን መሰለ። እሷ ግን በዚያ ሰሞን ቤቱን በማጽዳት የምትረዳኝ ጥሩ ልጅ አገኘሁ እያለች ለጎረቤት ታወራ ነበር።

የመኖሪያ ፈቃዴ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ሲቀረው እዚያው መጋዘን ሌላ ስብሰባ ተደረገ። ካትሪን ከሩቅ አየችኝና መጣች። ያኔ በእኔ ቦታ የጀመረው ልጅ ሥራውን ለቅቆ እንደሄደ እየነገረችኝ ሳለ «ስለዚህ ምናልባት አንቺ አሁን...» ስትል፣ ሳላስጨርሳት «ያ፣ ገርነ» አልኳት።

ሳቀች። «ገና ምን እንደሆነ አልነገርኩሽም» አለች።

«ምንም ይሁን» አልኳት።

እንዲህ ሆኖ ተቀጠርኩ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሚሰቅለው ሰውዬ ማኅተሙን አሳረፈልኝ፤ አሁን በሙያዬ ከሰው ጋር እንደምገናኝ በመንግሥት የታወቀ ነው። የሸማኔዎቻችንን ባና ለደንበኛው አሳይቼው ትንሽ ትንሽ መግዛት ጀምሯል፣ ይህንም ሰምታችሁ ይሆናል። ደመወዙም ደህና ነው። አልዋሻችሁም ግን፣ ብቸኛ ነኝ። ቢሮ ውስጥ ስሜን አሳጥረው ዜን ይሉኛል። ሰው ከሥራ በኋላ እንገናኝ ሲለኝ የቀን መቁጠሪያውን ከፍቶ የሦስት ሳምንት ቀጠሮ ይይዝልኛል። ስልኬ ላይ ከአራት መቶ በላይ የሙያ ትውውቅ አለኝ፤ ባለፈው ጉንፋን ጥሎኝ አራት ቀን ስተኛ በሬን ያንኳኳችው መስኮት ልትከፍት የመጣችው ፍራው ክሩገር ብቻ ናት። ሾርባ ላምጣልሽ አለች። ያ፣ ገርነ አልኳት። አመጣችልኝ። ጥሩ ሾርባ ነበር። ብዪ ጨርሺ አላለችኝም እንጂ።

ባለፈው እሑድ እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ደወልኩላት። የዘንድሮ ገብስ ውርጭ እንደመታው፣ ሁለቱ በጎች እንደወለዱ፣ ክርስትና የተነሣውን፣ የሞተውን ሁሉ ነገረችኝ። ሄኖክ ለፋሲካ ደብረ ብርሃን እናቱ ጋ እንደሚመጣ ነገርኳት። ደስ አላትና፣ እንደ ሁልጊዜዋ፣ እምቢ እንደምላት እያወቀች፣ ልትለምነኝ ተዘጋጅታ፦

«ታዲያ በእሱ በሶ ልላክልሽ?» አለችኝ።

«አዎ እማዬ፣ ላኪልኝ» አልኳት።

ወጣ። አፌ ለምዶታል፣ ከእኔ ቀድሞ ወጣ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ።

«ዘነቡ» አለች።

«አቤት እማዬ።»

«ልጄ፣ ያን ያህል ርቦሻል?»

ኧረ አልራበኝም አልኳት። እንደው ለጨዋታ ነው፣ ምግብ ሞልቶኛል፣ ገብሱን ውርጭ መቶት የለም እንዴ፣ ተዪው ለራስሽ ይሁንሽ አልኳት። አንዴ እምቢ አልኳት፣ ሁለቴ እምቢ አልኳት፣ ሦስቴም አልኳት። በየመሐሉ «አፈር ስሆን» እስክትለኝ ጠበቅኩ። አላለችኝም።

«ነገ ጠዋት እቆላዋለሁ» አለች። «ልጁ የት ነው የሚገኘው ያልሽኝ?»