የዳሽቦርዱ ቅምቅማት

የመኪናዬን ዳሽቦርድ በገዛ እጄ እንደቆረጥኩት ስናገር ሰው መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ ባሌን ያያል። ባሌ ደግሞ ትከሻውን ሰብቆ «እኔን አትጠይቁኝ» ይላል። እውነቱን ነው። የቆረጥኩት እኔ፣ የተሳሳትኩት እኔ፣ ያስተካከልኩትም እኔ ነኝ። በመካከሉ አንዲት ነገር ብቻ የሱ ናት፤ እሷንም ተራዋ ሲደርስ አልደብቅም።

አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ኦሃዮ ከመጣሁ አስራ ሁለት ዓመት አለፈኝ። አዲስ አበባ እያለሁ የሙሽራ ልብስ እሰፋ ነበር። እዚህ መጀመሪያ ዌርሃውስ ዕቃ ማንሳት ገባሁ፤ ጀርባዬ እምቢ ሲል ደግሞ በሽተኞችን ወደ ሕክምና ቀጠሯቸው ከሚያመላልስ ድርጅት ጋር በራሴ መኪና መሥራት ጀመርኩ። መንዳት እወዳለሁ። በረዶ ሲጥል ወንዶቹ ሹፌሮች «ዛሬስ ይቅርብኝ» እያሉ ሲደውሉ እኔ መስታወቴን ጠርጌ እወጣለሁ።

ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ጠዋት የማደርሳቸው አንዲት ትልቅ ሴት አሉ። እትዬ ነው የምላቸው። ፒከሪንግተን ልጃቸው ቤት ይኖራሉ፤ ልጃቸው ማለዳ ሥራ ስለምትገባ እኔ ነኝ ዌስተርቪል አጠገብ ወዳለው የኩላሊት እጥበት ክሊኒክ የምወስዳቸው። ጉልበታቸው ስለማይታጠፍላቸው ከኋላ አይቀመጡም፤ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቼላቸው ከጎኔ ይሆናሉ። ስልኬ መንገድ ሲመራኝ ድምፁን አይወዱትም። «ይቺ ሴትዮ አፏ አያርፍም እንዴ?» አሉኝ አንድ ቀን። ከዚያ ወዲህ ድምፁን ዘግቼ ካርታውን ብቻ እያየሁ መንዳት ጀመርኩ።

እያየሁ አልኩ እንጂ አላየሁትም።

ሩቅ ያለውን ከማንም ቀድሜ አያለሁ። መንጃ ፈቃዴን ሳሳድስ የዓይን ምርመራውን ያለ አንዳች ስህተት ነው ያለፍኩት። የቅርቡ ግን ከሁለት ዓመት ወዲህ እየከዳኝ ነበር። ስልኬ ላይ ያለው የመንገድ መስመር የተወሳሰበ ክር ይመስለኛል፤ ጽሑፉማ ጭራሽ ጉንዳን ነው። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፣ ለባሌም ቢሆን። መነጽር ማድረግ የሚሉትን ነገር እንኳን ላደርገው ላስበውም አልፈለግሁም። በሠራሁበት ስፌት ቤት መነጽር ያደረገ ሰፊ ከመርፌ ተነስቶ ወደ ካውያ ይዛወር ነበር። ማንም ክፉ አይናገረውም፤ «እርስዎ ደግሞ ትንሽ ይረፉ» ይባልና ሌላ ሰው የሰፋውን ሲተኩስ ይውላል። ሙያውን ያስተማሩኝ ሰው ሳይቀሩ እንዲህ ሆነው አይቻለሁ። ያን ቀን ሽንት ቤት ገብቼ ካለቀስኩ በኋላ፣ እኔን ግን ማንም ካውያ አያስይዘኝም ብዬ ለራሴ ማልኩ።

የእትዬን መንገድ በቃሌ አውቀዋለሁ። ነገር ግን በዚያ ሰሞን ሀይዌዩ እየተሠራ ስለነበር ዛሬ የወጣሁበት መውጫ ነገ ተዘግቶ ይጠብቀኛል። አንድ ሰኞ ሰቨንቲ የሚባለው ሀይዌይ ቱ ሰቨንቲ ከሚባለው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ስልኬ የትኛውን መስመር እንደሚያሳየኝ ሳልለይ ቀጥ ብዬ ዳውንታውን ገባሁ። ክሊኒኩ ስንደርስ ረፍዷል። ወንበሩን ሌላ በሽተኛ ስለሚጠብቀው ከእትዬ የእጥበት ሰዓት ላይ ተቀነሰ። ረቡዕ ልወስዳቸው ስሄድ እግራቸው አብጦ ጫማቸው አልገባ ብሎ ነበር። በሌላው ሳምንት ደግሜ አስረፈድኳቸው።

«መንገዱ ነው ልጄ፣ አንቺ ምን ታደርጊ» አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሹፌር የምትመድበው ሴትዮ ግን አልራራችም። ደውላ፣ ሦስተኛ ጊዜ ከዘገየሁ እትዬን ለሌላ ሹፌር እንደምትሰጥ ነገረችኝ። ሌላው ሹፌር ወንበሩን ይገፋላቸዋል? ክንዳቸውን ይዞ እስከ በሩ ያደርሳቸዋል? እንዲህ እያልኩ ተብሰለሰልኩ። ከዚህ ሁሉ በታች ደግሞ አንድ ነገር ነበር፤ ካውያው እየመጣልኝ እንደሆነ ይታወቀኝ ነበር።

ስለዚህ የመኪና ሬዲዮና የስልክን ካርታ አጉልቶ የሚያሳይ ስክሪን የሚገጥሙ ሰዎች ዘንድ ሄድኩ። ሠራተኛው ሰባት ኢንች የሆነውን አምጥቶ ሬዲዮው ፊት ያዘልኝ። ከወንበሬ ሆኜ አየሁት፤ ጉንዳኑ ትንሽ ወፈረ እንጂ አልተለወጠም። ግድግዳው ላይ አስር ኢንች የሆነ ተሰቅሎ ነበር። እሱን ሲይዝልኝ የመንገዶቹ ስም ቁልጭ ብሎ ታየኝ። «ይሄ ይሁን» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ለአሮጌዋ መኪናዬ ይህን የሚያህል ስክሪን የሚይዝ ክፈፍ የለም፤ ዳሽቦርዱ መቆረጥ አለበት፤ እነሱ ደግሞ ዳሽቦርድ አይቆርጡም። አዲስ መኪና ብገዛ እንደሚሻለኝ በትህትና መከረኝ።

የሰው ምክር እንደዚያ ቀን አናዶኝ አያውቅም። ስክሪኑን ገዝቼ ይዤው ወጣሁ።

ባሌ ጋራዥ ውስጥ ካርቶኑን ሲያይ ቀዝቀዝ ብሎ «ምንድን ነው ይሄ?» አለኝ።

«የመኪናዋ ስክሪን።»

«ስልክሽ አለ አይደል እንዴ?»

«ለተሳፋሪ ያምራል» አልኩት። ዋሸሁት።

ባሌ ፎርክሊፍት ነጂ ነው፤ አንድ ብሎን ከመፍታቱ በፊት መመሪያውን ሁለት ጊዜ የሚያነብ ሰው። «ዳሽቦርዱን ከት ካደረግሽው ነገ ማን ይገዛናል? ሪሴል ቫልዩዋ ዜሮ ነው የሚሆነው» አለ።

«ማን ልሽጣት አለ?» ብዬ ሥራዬን ጀመርኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ነበር። የባትሪውን ሽቦ ባሌ ፈታ፤ እሱን እንኳን አላምንሽም ብሎ ነው። እኔ የመሐል ሽፋኑንና ሬዲዮውን ነቅዬ አወጣሁ። ከሬዲዮው ሥር ያለችው ሶፍት የምናስቀምጥባት ኪስ መሄድ ነበረባት። ከኋላዋ ሽቦም የአየር መውጫም እንደሌለ በእጄ ዳስሼ አረጋገጥኩ። ከዚያ የማውቀውን አደረግሁ። ከገበያ የመጣ የወረቀት ከረጢት ዘረጋሁ፣ ስክሪኑን አስቀምጬ ዙሪያውን አሰመርኩ፣ በመቀስ ልኩን አወጣሁ። ጥቁር ፕላስቲክ ላይ እርሳስ ስለማይታይ እንደ ስፌት ቤቱ ጊዜ ስስ የሆነች ደረቅ ሳሙና ይዤ በወረቀቱ ዙሪያ መስመሩን ጎተትኩ። እጄ ምንም ሳያመነታ ነው የሄደው። ለረጅም ጊዜ ያልነኩት ሥራ እጄ ላይ ሳይረሳ መቆየቱ ደስ አሰኘኝ።

ከጎረቤት የተዋስኳትን ትንሽ የኤሌክትሪክ መቁረጫ አስነስቼ፣ አፍና አፍንጫዬን ሸፍኜ ቆረጥኩ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ጋራዡን ሞላው። ባሌ በር ላይ ቆሞ «ቀስ! ቀስ በይ!» ይላል። ቀስ አላልኩም። ሲያልቅ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩና ስክሪኑን አምጥቼ ገጠምኩት።

ስክሪኑ ቀዳዳው ውስጥ ተንሸራቶ ገባና ወደ ጎን ተጋደመ። ዙሪያውን ግማሽ ጣት ክፍተት ነበረው።

መቀመጫው ላይ ቁጭ ብዬ አየሁት። ምን እንዳደረግሁ ወዲያው ገባኝ። ጨርቅ ስቆርጥ ሃያ ዓመት ሙሉ መስመሩ ላይ ሳይሆን ከመስመሩ ወጣ አድርጌ ነው የቆረጥኩት፤ ለስፌት የሚሆን ትርፍ ለመተው። እጄ ያንኑ አደረገ። ጨርቅ ላይ ትርፉ ልብሱ ላይ ይቀራል፤ ቀዳዳ ሲሆን ግን ከመስመሩ የወጣሁት ሁሉ ቀዳዳውን ያሰፋዋል።

«ምን ሆንሽ?» አለ ባሌ።

«ትርፍ ተውኩለት።»

«የምን ትርፍ?»

«የስፌት።»

 የመኪናዋ ጎማ ላይ በእጁ ተደግፎ መሳቅ ጀመረ፤ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። «ፕላስቲኩ ሊሰፋ ነው እንዴ?» አለኝ።

መጀመሪያ ብሎን መፍቻውን ልወረውርበት ነበር። ቀጥሎ ግን የተናገረውን ሰማሁት።

«አዎ» አልኩ። «ይሰፋል።»

ሳቁን አቆመ። እኔ ደግሞ ወደ ውስጥ ገብቼ ቁም ሳጥኑን መበርበር ጀመርኩ። ያሰብኩት ጥቁር ቆዳ ቆርጬ፣ ክረምት ላይ ብርድ እንዳይገባ በር ጠርዝ ላይ የምንለጥፈውን ስፖንጅ ውስጡ ጠቅልዬ፣ የቀዳዳውን ዙሪያ ልቀመቅመው ነው። የኔ የቆዳ ቦርሳ አልበቃኝም። ባሌ ተከትሎኝ መጣና ከአዲስ አበባ ለብሷት የመጣትን የቆዳ ጃኬት ከመስቀያው አወረደ። ዚፕዋ ከሆዱ ጋር ከተጣላች ቆይቷል፤ ግን ልጥላት ባልኩ ቁጥር ይቆጣ ነበር። «እጅጌዋን ብቻ» አለ። ሁለቱንም እጅጌ ወሰድኩ።

እሁድ ከሰዓት የጋራዡን በር ከፍቼ፣ የቆረጥኩትን የዳሽቦርድ ሽፋን ነቅዬ ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ጠርዙ ላይ ዙሪያውን ቀጫጭን ቀዳዳዎች በስቼ ጨርሻለሁ። የቀረኝ መስፋት ብቻ ነው። ክሩን በጥርሴ ቆርጬ ወደ መርፌው ወሰድኩት። አልገባም። አርጥቤ ጠመዘዝኩት፤ አልገባም። ክንዴን ዘርግቼ አራቅሁት፣ ወደ ብርሃኑ ዞርኩ፣ ጫፉን እንደገና ቆረጥኩ። ሙሽራ በር ላይ ቆማ እየጠበቀች፣ ሚዜዎች እየጮሁብኝ ያስገባሁትን ክር፣ ማንም በማያጣድፈኝ እሁድ ማስገባት አቃተኝ። ባሌ ከአጠገቤ ሻዩን ይዞ ተቀምጧል። ነገ ጠዋት ደግሞ ሰኞ ነው፤ እትዬ ይጠብቁኛል።

«ይቺን አስገባልኝ» አልኩት። ስሰጠው ፊቱን አላየሁትም።

መርፌውን ተቀበለኝ። አብረን ስንኖር አንድም ቀን እንዲህ ብዬው አላውቅም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሁለት ዓመት።»

«ስልኩስ?»

«ስልኩም አይታየኝም።»

«እትዬን ያስረፈድሻቸው...»

«አዎ» አልኩት። «ለሱ ነው ስክሪኑ። ለማማር አይደለም።»

ተነስቶ ወደ መንገዱ አመለከተ። «ያችኛዋን ነጭ መኪና ታርጋዋን አንብቢ።» ከመንገዱ ጫፍ የቆመች ናት። አነበብኩለት፤ ከታርጋዋ በላይ የተለጠፈውንም ጨምሬ አነበብኩለት። እሱ ራሱ ለማረጋገጥ እስከ መኪናዋ ድረስ መሄድ ነበረበት። ተመልሶ ሲመጣ፣ ከእንግዲህ አትነጂም ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ተቀመጠና ክሩን በአንድ ሙከራ አስገባው።

«ዓይን ሐኪም ጋ ግን እንሄዳለን» አለ።

«እንሄዳለን።» በሳምንቱ ሄድን፤ ሐኪሙም ሩቁ ደህና እንደሆነ፣ ለቅርብ ሥራ መነጽር እንደሚያስፈልገኝ ነገረኝ።

ያን እሁድ ክሩን ካስገባ በኋላ ያደረገውን ልናገር ብዬ ነው እስካሁን የቆየሁት። የመርፌ ሳጥኔን ወሰደ። ያሉኝን መርፌዎች በሙሉ፣ አስራ አንድ ነበሩ፣ በየተራ ክር አስገባላቸውና እጅጌ አልባ የሆነችው ጃኬቱ ደረት ላይ ደርድሮ ሰካቸው። ቋጠሮው ሁሉ የተበላሸ ነው፤ ቋጠሮ አያውቅም። «አንዱ ሲያልቅብሽ ሌላውን ንቀይ፤ እኔን አትጠብቂ» አለኝ። አንገቴን ደፍቼ እየሰፋሁ አለቀስኩ፤ እንዳየኝ አውቃለሁ፣ እሱም ሻዩን ሊያሞቅ ነው ብሎ ገባ። ሳልጨርስ አልተነሳሁም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ስክሪኑ በቅምቅማቱ መካከል ጥብቅ ብሎ ተቀመጠ፤ ባሌ ሽቦዎቹን ከመመሪያው ጋር እያስተያየ አገናኘ፣ ባትሪውን መለሰ፣ ስክሪኑም በራ። ገፋሁት፤ አልተነቃነቀም።

ሰኞ ጠዋት እትዬን ጭኜ ወጣሁ። ቱ ሰቨንቲ ላይ ደርሰን ትንሽ እንደሄድን ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ወደ ቀኝ ታጠፈ፤ የምንወጣበት መውጫ ዛሬም ተዘግቷል። የምወጣበትን የሌላውን መንገድ ስም አነበብኩት። ዓይኔን ሳላጨናብስ፣ ሳልገምት አነበብኩት። መስመሬን ይዤ ወጣሁና በመኖሪያ ቤቶች መካከል ዞሬ ክሊኒኩ በር ላይ ስቆም ገና ሩብ ሰዓት ይቀረን ነበር።

እትዬ ቀበቷቸውን ከመፍታታቸው በፊት እጃቸውን ዘርግተው የቆዳውን ጠርዝ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ስክሪኑን አላዩትም፤ ስፌቱን ነው እያንዳንዱን የተከተሉት።

«ይሄን የሰፋው ሰው ዓይኑ ብርቱ ነው» አሉ።

«ዓይኑ የባሌ ነው፣ እትዬ» አልኳቸው። «እጁ የኔ ነው።»