ከበሩ የማይርቁት ሴትዮ

በየዓመቱ የበጀት ስብሰባ ሲኖር ከሁሉም ቀድመው ይመጣሉ። ወንበር ሞልቶ አይቀመጡም። ግራጫ ሹራባቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው የአዳራሹን በር ተደግፈው ይቆሙና፣ የሚገባውን ሰው ሁሉ በአገጫቸው እየጠቆሙ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ይቆጥራሉ። ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ስለሆንኩ ንግግራቸውን በቃሌ አውቀዋለሁ።

"መንግሥት ለመዋዕለ ሕፃናት በጀት ይመድብ። በአንድ ክፍል ሁለት አስተማሪ ይኑር። እኔ አርባ ስምንት ሕፃናት ይዤ ብቻዬን ነበርኩ። አንዱን ሽንት ቤት አድርሼ ይዤው ስመለስ በሩ ተከፍቷል። ብቆጥር አርባ ሰባት..."

ሁልጊዜ እዚህ ላይ ያቆማሉ። ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ይጠርጉና "እናመሰግናለን እናቴ፣ ይታያል" ይላሉ። እኔም "ይታያል" ብዬ እጽፋለሁ። ይኸው ስድስት ዓመት ጻፍኩት።

ዘንድሮ ወረቀቴን ስሰበስብ ቆይቼ ከሁሉም ኋላ ወጣሁ። ሴትዮዋ በሩ እንዳይዘጋ በጀርባቸው ይዘው ቆመዋል።

"አንተ ነህ እንዴ የቀረኸው? ልቤን ሰቀልከው እኮ" አሉኝ።

"የመጨረሻው እኔ ነኝ እማማ። ውስጥ ማንም የለም።"

እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳርፈው ቆጠሩኝ። በሩን ግን አልለቀቁም። ዓይናቸው እኔን አልፎ ወደ ባዶው አዳራሽ ገባና፣ ዝቅ ብሎ፣ ከወንበሮቹ መቀመጫ ብዙም በማይበልጥ ቁመት ላይ፣ ይፈልግ ጀመር።