የእንደራሴው ባለጉዳይ

ሸዋርካብሽ በገዛ ቤቷ ደጃፍ ወረፋ ይዛ ተቀመጠች። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ፣ አግዳሚው ወንበር ላይ በአንድ ኩሊና በአንዲት ቅመም ነጋዴ መካከል ጠበብ ብላ።

ባሏ አቶ ዱባለ የአዲስ ከተማ ሕዝብ በሃምሳ ሦስቱ ምርጫ ወዶ ወደ ምክር ቤት የላከው እንደራሴ ነው። የምርጫ ምልክቱ ጃንጥላ ይሁን ያለችው እሷ ነበረች። ሰውየው ደግሞ የተወደደው በከንቱ አይደለም። ከሲኒማ ራስ ጀርባ ላለው መንደር የቦኖ ውሃ ያስገባው፣ ለኩሊዎቹ የማታ ትምህርት ያስከፈተላቸው እሱ ነው። አከራይ ተከራዩን በክረምት እንዳያስወጣ ሕግ ይውጣ ብሎ በምክር ቤቱ ደጋግሞ ተናግሯል። አከራዮቹ እዚያው አብረውት ስለሚቀመጡ ሐሳቡ ወደቀ እንጂ የእሱ አፍ አልደከመም።

ያ አፍ ግን እቤቱ ሲገባ ይዘጋል። ልጃቸው ሠርኬ አምና በታይፎይድ ከሞተች ወዲህ ስሟን እንኳ አንሥቶ አያውቅም። የሰፈሩን ሬሳ ሁሉ ከፊት ሆኖ ይሸኛል፤ የልጁን መቃብር ግን ከቀብሯ ቀን በኋላ ዞር ብሎ አላየውም። ሸዋርካብሽ ከግድግዳ ጋር ማውራት ጀምራለች። ሰው በሞላበት ቤት ብቻዋን ናት።

ዛሬ የሠርኬ ሙት ዓመት ነው። ሰሞኑን ቤተ ክርስቲያን አብሯት እንዲሄድ ነግራው እሺ ብሏታል፤ እሺ የማይለው ሰው ደግሞ የለም። ጠዋት ስትነሣ ቀድሟት ወጥቶ ባለጉዳይ ፊት ተቀምጦ አገኘችው። ዱባለ ዘመድ ወረፋ አያሳልፍም። የገዛ ወንድሙን ተራህን ጠብቅ ብሎ መልሶታል፤ መርካቶም በዚህ ታመሰግነዋለች። ስለዚህ እሷም ተራዋን ጠበቀች።

ተራዋ ሲደርስ ቀና ሳይል ጉዳይዋን ጠየቃት።

"ልጅ ሞታብኛለች፣ ጋሼ" አለችው። "ሙት ዓመቷ ዛሬ ነው። አባቷ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን አብሮኝ እንዲሄድ እርስዎ ይንገሩልኝ።"

ዱባለ ቀና አለ። ኩሊው አንገቱን ደፋ፤ ቅመም ነጋዴዋም ወደ ደጅ ዞረች። ዱባለ ባርኔጣውን አነሣና የቀሩትን ነገ እንዲመለሱ ለምኖ ተከተላት።

መንገድ ላይ "ሠርኬ" ብሎ ስሟን ጠራ። በዚህ ጭቃ ጫማዋን አውልቃ ትሮጥ እንደነበር አነሣ። ሸዋርካብሽ ደስ አላት። በልጇ ሙት ዓመት ደስ ስላላት ደግሞ አፈረች።

ራጉኤል በር ላይ ሙህዲን ቆሞ ነበር። ጨርቅ ነጋዴ ነው። እቤት ሄዶ ቢያጣው ወዴት እንደሄደ ከባለጉዳዮቹ ጠይቆ እየሮጠ በአቋራጭ ቀድሟቸዋል። አከራዩ ጎህ ሲቀድ ዕቃውን ዝናብ ላይ አውጥቶ ጥሎበታል። በእጁ የያዘው ጣቃ ውሃ ያንጠባጥባል።

"አንቺ ግቢ፣ መጣሁ" አላት ዱባለ።

ሸዋርካብሽ ልትቆጣ ፈለገች። ግን በማን ላይ ትቆጣ? ሙህዲን ላይ እንዳትቆጣ እንዲያ በስብሷል፤ ባሏ ላይ እንዳትቆጣ ደግሞ ከዚህ ሰው አልፎ ቢገባ ኖሮ ምን ዓይነት ሰው ይሆን ነበር? ብቻዋን ገባች።

ቄሱ ፍትሐቱን ጀመሩ። ሁለት ጧፍ ይዛ መጥታ ነበር። አንዱን ለኮሰችና ሌላውን በእጇ እንደያዘች በሩን ስታይ ቆየች። ዱባለ ጀርባውን ሰጥቶ ከሙህዲን ጋር ወደ ገበያው ሲወርድ አየችው።

የሱንም ጧፍ እሷው ለኮሰችው።