አዋሳ፦ ሦስት ጭብጨባና አንድ ዝምታ

ማክሰኞ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት

አውቶቡስ ተራ ደረስኩ። የሸኘኝ ሰው የለም። ባለቤቴ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ መንገድ ስወጣ በሩን የምቆልፈው እኔው፣ ስመለስም የምከፍተው እኔው ነኝ። ይህን የምጽፈው እንዲታዘንልኝ ብዬ አይደለም፤ አንባቢ ምን ዓይነት መንገደኛ እንደሆንኩ ቢያውቅ ይሻላል ብዬ ነው። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ዘመኑ ደርግ ነው፤ የደረት ኪሴ ውስጥ የይለፍ ወረቀት አለ። የሥርዓተ ትምህርት ሠራተኛ እንደመሆኔ፣ አዋሳ ዳርቻ ባለ አንድ የአንደኛና መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንዲት መምህርት ሒሳብን በዘፈንና በሥዕል ታስተምራለች ተብሎ፣ አይተህ ና ተብያለሁ።

ሞጆ ቁርስ በላን። መቂ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኮት ገባብን። ዝዋይ የተጠበሰ ዓሣ፣ ሻሸመኔ አቧራና የጋሪ ፈረስ። በየኬላው ወርደን እንፈተሻለን፣ ተመልሰን እንሳፈራለን። አጠገቤ የተቀመጡት አሮጊት፣

«አዋሳ ዘመድ አለህ ልጄ?» አሉኝ።

«የለኝም እማማ፣ ለሥራ ነው።»

«ታዲያ ማን ይቀበልሃል?»

ሳቅኩ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ስንደርስ ሐይቁ ወርቅ መስሎ ነበር፤ እራቴን ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ አዝዤ ለብቻዬ በላሁ።

ረቡዕ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት

በጋሪ ወደ ቡሹሎ መንገድ ወጣሁ። ባለጋሪው አቶ ላሜሶ አለንጋውን ያዝ አድርጎ፣

«ማርታ ትምህርት ቤት ነው የሚሄዱት?» አለኝ።

«የማርታ የሚባል ትምህርት ቤት አለ እንዴ? የመንግሥት አይደለም?»

«የሠራው መንግሥት ነው። ልጄ ሒሳብ ያወቀችው ግን በማርታ ነው።»

መምህርት ማርታ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ የዚሁ አገር ልጅ ናት። ስድስተኛ ክፍል ይዛለች፤ ተማሪዎቿ በዓመቱ መጨረሻ አገር አቀፍ ፈተና ይቀመጣሉ። አብዛኞቹ ቤታቸው ሲዳምኛ ነው የሚናገሩት፤ «ክፍልፋይ» የሚለው የአማርኛ ቃል ገና ሲጠራ ያስፈራቸዋል። እሷ ቃሉን አልጠራችውም። የእንሰት ቅጠል አጠፈች፣ ደግማ አጠፈች፤ አራቱን እጥፋት በአራት ቀለም እንዲቀቡ አደረገች። ከዚያ አንድ ልጅ ባዶ ጀሪካን እየመታ አራት ሲቆጥር፣ ክፍሉ በሙሉ ሦስቴ አጨብጭቦ በአራተኛው ዝም አለ። እንደገና ሦስት ጭብጨባ፣ አንድ ዝምታ።

«ያጨበጨብነው?»

«ሦስት አራተኛ!»

«ዝም ያልነውስ?»

«አንድ አራተኛ!»

«ዝም ያልነው ይቆጠራል?»

«ይቆጠራል!»

ሃያ ዓመት ሙሉ ከክፍል ኋላ ተቀምጬ ስታዘብ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ወዲያው ግን ይህን ለማን እነግራለሁ የሚል ሐሳብ መጣብኝና ደስታዬን አቀዘቀዘው።

ያው ዕለት፣ ከሰዓት

አፌን የሚዘጋልኝ ሰው አጥቼ አበላሸሁት። የአውራጃው ትምህርት ቢሮ ኃላፊ «እንዴት አገኙት ጓድ?» ቢለኝ፣ በደስታ፣ «መምህርቷ ሒሳቡን ከኪነት ጋር አዋሕዳዋለች!» አልኩ።

ሰውየው ከወንበሩ ተነሣ። «ኪነት? እኛ ለበዓሉ የኪነት ቡድን መሪ አጥተን እየተጨነቅን፣ ለካ አጠገባችን ናት! ከሰኞ ጀምሮ ትዛወር።»

ለእኔ ኪነት ማለት ጥበብ ነው። ለእሱ ደግሞ ካኪ ለብሶ መድረክ ላይ መፈክር የሚዘፍን ጓድ ነው። ተጣደፍኩና «ኪነት አይደለም፣ ሒሳብ ነው» አልኩት። ግንባሩን ቋጠረ።

«ኪነት ካልሆነማ በመርሐ ትምህርቱ የት ላይ ተጻፈ? እንግዲያው ይቁም።»

ወይ እሷ ትዛወራለች፣ ወይ ዘዴዋ ይታገዳል። ሁለቱንም በር የከፈትኩት እኔ ነኝ።

አመሻሹ ላይ ሐይቁ ዳር አግኝቻት ያደረግኩትን ሁሉ ነገርኳት። ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን እየጎተቱ ነው፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ለዓሣ አንጀት ይጣላሉ።

«እኛ እዚህ ኪነት የምትባለዋን ቃል አንጠራትም፤» አለች። «ዳይሬክተሩ ሲመጣ እንኳ ልጆቹ ምን እየሠራችሁ ነው ቢባሉ፣ ሒሳብ ነው የሚሉት። እርስዎ በአንድ ቀን ጠሯት።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«ይቅርታው ለእኔ ምን ያደርጋል? ፈተናው ሦስት ወር ቀርቶታል። እኔ ሰልፍ ሳዘፍን እነሱ ወድቀው ከብት ጥበቃ ይመለሳሉ።»

ሐሙስ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት

እንቅልፍ አልወሰደኝም። የማውቀው አንድ ነገር ቢኖር ፎርም መሙላት ነው። ከትምህርት ቤቱ ንብረት ክፍል የመርጃ መሣሪያ መመዝገቢያ ቅጽ ጠየቅኩና ሞላሁት። የመሣሪያው ዓይነት፦ የክፍልፋይ ማስተማሪያ ጭብጨባ። የተሠራበት ቁሳቁስ፦ የእንሰት ቅጠል፣ ጀሪካን፣ የተማሪ እጅ። የሚገኝበት ቦታ፦ ስድስተኛ ክፍል። ንብረቱን የተረከበው፦ መምህርት ማርታ።

ቅጹን ለአውራጃው ቢሮ ኃላፊ ወሰድኩለት፤ ሁለቴ አነበበው።

«የተማሪ እጅ በንብረትነት ይመዘገባል?»

«በአካባቢ ከሚገኝ ቁሳቁስ ሥሩ የሚል መመሪያ አለ። እጅ ደግሞ በአካባቢው ይገኛል።»

«እሺ። ዝውውሩስ?»

«ንብረት የተረከበ ሠራተኛ ሳያስረክብ አይዛወርም፤ የእናንተው ደንብ ነው። ተረካቢ መድቡና ርክክቡ ይደረግ።»

«ጭብጨባ እንዴት ነው የሚያስረክቡት?»

«እኔም አላውቅም።»

ቀና ብሎ አየኝ። የገባው ይመስለኛል፤ የእሱም ልጆች እዚያው ትምህርት ቤት እንደሚማሩ የሰማሁት በኋላ ነው። ማኅተሙን እፍ ብሎበት መታና «ርክክቡ እስኪጠናቀቅ ባለችበት ትቆይ» ብሎ ጻፈ።

ዓርብ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል

መምህርት ማርታ አውቶቡሱ ጋ ድረስ መጣች። ሻርፗን እስከ ጆሮዋ ተከናንባለች። ሰው ሸኘኝ ብዬ እንዴት ደስ እንዳለኝ መናገር አልችልም። ሌሊቱን ሁሉ፣ በየጊዜው እጽፍላታለሁ፣ ለፈተናው ማግሥትም ተመልሼ እመጣለሁ እያልኩ ሳስብ ነበር ያደርኩት።

«አንድ ነገር ልለምንዎት፤» አለች።

«የፈለግሽውን።»

«እንዳይጽፉልኝ። እዚህ በሰው ላይ ፋይል የሚከፈተው በደብዳቤ ነው። ሪፖርትዎም ላይ አያንሱን። ተመልሰውም አይምጡ፤ አይቀየሙኝ፣ አባቴ።»

«እሺ፤» አልኩ። ረዳቱ በሩን መታና ተነሣን።

ቅዳሜ፣ አዲስ አበባ

ግማሽ ቀን ስለምንሠራ ቢሮ ገባሁ። አለቃዬ ከጋዜጣው ላይ ቀና ሳይል፣

«አዋሳ እንዴት ነው? የሚታይ ነገር አገኘህ?» አለኝ።

«የለም፤» አልኩት።