ሳትጠይቅ ስጥ

ከአረብ አገር ስመለስ ይዤ የመጣሁት ስድስት ኮምፒዩተር መግዣ ብርና ብክነትን አይቶ ማለፍ የማይችል ጠባይ ነው። ስምንት ዓመት በሰው ቤት ያለ ሥራ የበራ መብራት ሳጠፋ ኖሬያለሁ። ሐይቅ ከተማ፣ መናኸሪያው አጠገብ ኢንተርኔት ቤት ስከፍት ታዲያ ያናደደኝ የመስመሩ መንቀራፈፍ ሳይሆን ብክነቱ ነበር። ስድስት ሰው ይቀመጣል፣ ስድስቱም ያንኑ ገጽ ይከፍታል፣ ያ ቀጭን መስመር ደግሞ አንዱን ገጽ ስድስት ጊዜ ተሸክሞ ይመጣል።

ከመሄዴ በፊት ደሴ በኮምፒዩተር ዲፕሎማ ይዤ ነበርና መላው አልጠፋኝም። አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር በመስመሩና በስድስቱ መካከል አስገብቼ ፕሮክሲ ሰርቨር አደረግሁት። ሥራው ቀላል ነው፤ አንድ ጊዜ የመጣን ገጽ ቅጂውን ያስቀምጣል፣ ሌላ ሰው ያንኑ ሲጠይቅ ካስቀመጠው ይሰጣል። ባጃጅ የሚነዳው ታናሽ ወንድሜ ስሙ አልያዝለት ሲል «ጎታው» አለው፤ እህል እንደምናስቀምጥበት ጎታ። እኔም ጎታው እያልሁ ቀረሁ።

እንደ ደንቡ ጎታው ያስቀመጠውን ከመስጠቱ በፊት ገጹ ተቀይሮ እንደሆነ ወደመጣበት ልኮ መጠየቅ ነበረበት። እኔ ግን ለመጠየቁስ ለምን መስመር ይባክናል አልሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ሳትጠይቅ ስጥ የሚል ትእዛዝ በገዛ እጄ ጻፍሁለት። እንደ ፌስቡክ ያሉት በመሐል ማንም እንዳያነባቸው ተቆልፈው ስለሚመጡ ማስቀመጥ አይችልም፤ ሰው ሁሉ የሚያነባት አንዲት የዜና ገጽ ግን ያልተቆለፈች ነበረችና ገና ሳይነኳት ትከፈት ጀመር። ደንበኞቼ «ደሴም እንዲህ አይፈጥን» ሲሉኝ ደረቴን እነፋ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል እሰማለሁ እንጂ ለእኔ የተባለ መስሎኝ አያውቅም።

ጦርነቱ ከሰሜን ወደ እኛ እየወረደ ሲመጣ የስልክ ዳታ ተዘጋ። የእኔ መስመር ሲሻው ስለሚሠራ ሰው ወሬ ፍለጋ ወደ እኔ ቤት ይጎርፍ ነበር። እናታችን በዚያ ሰሞን አምባሰል ናት፤ ከውጫሌ በላይ ባለች የገደል አፍ መንደር የታመመች እህቷን ልታስታምም ሄዳለች። ከዚያ በኩል የከባድ መሣሪያ ድምፅ ከትናንት ጀምሮ ይሰማል። ድምፁ በመጣ ቁጥር የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል፣ እኔም አብሬው። ፈሪ ነኝ። ሰው ቁጡ ናት የሚለኝ ፍርሃቴን በቁጣ ስለምሸፍነው ነው።

በማለዳ ወንድሜ ባጃጁን በር ላይ አቁሞ ገባ።

«እቴ፣ እማዬን ላመጣት ነው። መንገዱን ምን ይላሉ? እስቲ እዪልኝ።»

ያችን የዜና ገጽ ነካሁ፤ ወዲያው ተከፈተች። ከሐይቅ በውጫሌ አድርጎ እስከ ውርጌሳ ድረስ መንገዱ ክፍት ነው፣ መኪናም ይመላለሳል ትላለች። ጮክ ብዬ አነበብሁለት። ቀኑ ከግርጌ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። ልብ ካላየ ዓይን አያይም፤ እኔም የምፈልገውን ካነበብሁ በኋላ ወደ ታች አልወረድሁም።

«አብሽሪ፣ ለዙሁር ሶላት እንደርሳለን» ብሎኝ ወጣ።

ሩብ ሰዓት ሳይቆይ ጎረቤቴ የሆኑ ሽማግሌ አስተማሪ ለልጃቸው ኢሜይል ሊልኩ ገቡ። ጥቂት ታግለው «ልጄ፣ እምቢ አለኝ እኮ። መስመር አለ?» አሉኝ።

«አለ እንጂ ጋሼ፣ አሁን እኮ ዜና አንብቤበታለሁ» ብዬ ሌላ ኮምፒዩተር ሞከርሁ። እምቢ አለ። ሞደሙን ዞሬ ባየው የመስመሩ መብራት ጠፍቷል።

መስመር ከሌለ ያ ዜና ከየት መጣ?

ጎታው የሰጠውን ሁሉ፣ ከመስመር ይሁን ካስቀመጠው፣ ከነሰዓቱ የሚጽፍበት መዝገብ አለው። ከፈትሁት። መስመሩ የሞተው ሌሊት ነው። ለወንድሜ ያነበብሁለት ካስቀመጠው የሰጠኝን ነው፤ ገጹ ከመስመር የመጣው ደግሞ ከትናንት በስቲያ ከሰዓት፣ መሣሪያው መተኮስ ከመጀመሩ በፊት ነው። ወንድሜን ሁለት ቀን ባደረ ወሬ ወደ ጦርነት ልኬዋለሁ።

ብደውልለት ስልኩ አልሠራ ሲለኝ ሮጥሁ። አስፋልቱ ከውጫሌ በሚመጣ ሰው ተሞልቷል፤ ፍራሽ የተሸከመ አለ፣ በግ የሚነዳ አለ። ባጃጅ አይታችኋል ወይ እያልሁ የሰው ክንድ ያዝሁ። አንዲት ሴት «አንድ ወደዚያ የሚበር አይተናል። እብድ ነው ብለን አለፍነው» አለችኝ። መንገድ ዳር ቁጭ አልሁ።

በማግስቱ መብራት ጠፋ፣ ታጣቂዎችም ከተማው ገቡ። የቻለ ሁሉ አስቀድሞ ወደ ደሴ ሸሽቷል። እኔ ወንድሜ ቢመጣ ቤቱ ተዘግቶ እንዳያገኘው ብዬ ቀረሁ። ቀን በር ቆልፌ፣ የሚያልፈውን ኮቴ እየቆጠርሁ እቀመጣለሁ። ኮቴው ሲቆም ትንፋሼም ይቆማል። ዱዓዬ አንድ ብቻ ነበር፤ ያ ረቢ፣ በእኔ ስስት እሱን አትቅጣው።

በአምስተኛው ቀን፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ የጓሮው በር ተንኳኳ። ለመክፈት የፈጀብኝን ጊዜ እስከ ዛሬ አፍርበታለሁ። ወንድሜ እናታችንን አዝሎ ቆሟል። ባጃጁን ትተው በእግር፣ በገደሉና በሐይቁ ዳር ባለው ማሳ ተሹለክልከው ነው የመጡት። እናቴ ውኃ ጠየቀች። ቂጣ አቀረብሁላቸው፣ ወንድሜ ገና ሁለቴ ሳይጎርስ ግን አላስችል አለኝ።

«ያነበብሁልህ ወሬ የቆየ ነበር። የሁለት ቀን። እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ።»

ማኘኩን ሳያቆም አየኝ። «ተዘግቷል ብትይኝስ እቀር ኖሯል? እናቴ እኮ ናት።»

አምስት ቀን የያዝሁትን አየር ተነፈስሁ። እሱ ግን ወሬውን ቀጠለ።

«ውጫሌ መናኸሪያ አንድ ሚኒባስ ሰው ጭኖ ቆሟል። ቤተሰባቸው ውርጌሳ ነው፣ ሹፌሩ ግን ፈርቷል። እኔ ነኝ ያደፋፈርሁት። ወላሂ ክፍት ነው፣ እህቴ አሁን ጠዋት ከኮምፒዩተር አንብባልኛለች ብዬ...»

እዚያ ላይ ቆመ። ቅድም ያልሁት ያኔ ነው የገባው።

«ሄዱ?» አልሁት።

«ሄዱ።»

«ተመለሱስ?»

«እኔ እማዬን ላመጣ ወደ መንደሩ ወጣሁ። ስወርድ መንገዱ ተቆርጧል። እንጃ፣ እቴ።» ቂጣውን መሶቡ ላይ መለሰው። እናቴ «ተይው፣ ይብላ» አለችኝ፤ እሱ ግን ከዚያ በኋላ አልበላም። ስለዚያ ሚኒባስ እሱም እኔም ዳግም አላነሳንም።

መስመሩ የተመለሰው ከብዙ ወር በኋላ ነው። ቤቱን ሳልጠርግ፣ የተሰበረውን መስኮት ሳላስገጥም፣ መጀመሪያ ያንን ትእዛዝ አጠፋሁ። አሁን ጎታው ለእያንዳንዱ ገጽ ልኮ ይጠይቃል። ደንበኞቼ ያማርራሉ። «ቤትሽ ድሮ ፈጣን አልነበር? ምን ነካው?» ይሉኛል።

«እየጠየቀ ነው፣ ታገሱ» እላቸዋለሁ።

በውጫሌ በኩል የመጣ ሚኒባስ መናኸሪያው በገባ ቁጥር ከወንበሬ ተነስቼ በር ላይ እቆማለሁ። የሚወርዱትን አንድ በአንድ አያለሁ። የእነዚያን የውርጌሳ መንገደኞች መልክ አይቼው አላውቅም፣ ቢወርዱም አልለያቸውም።